መጠውለግ ምንድን ነው? የጠወለገ ሁሉ ውሃ አልጠማውም

ሰሞኑን አንድ ሰው የጓሮ ቲማቲሙ ጠውልጎበት ምክር ሲጠይቅ አየሁ። ፎቶውን አጉልቼ ተመለከትኩት። ቅጠሉ ተንጠልጥሏል፤ አፈሩ ግን ጠቁሮ ርሷል። መልስ ከሰጡት አንዱ ያለ ምንም ጥርጥር «ውሃ ጠምቶታል፤ ጠዋትና ማታ አጠጣው» አለው። ሌሎቹም ተስማሙ። ይህ ምክር ተክል ይገድላል። ደጋግሜ ስላየሁት ዝም ብሎ ማለፍ ከበደኝ።

መጠውለግ የሚነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከቅጠሉ የሚወጣው ውሃ ወደ ቅጠሉ ከሚደርሰው በልጧል። ቅጠል ቀጥ ብሎ የሚቆመው በውስጡ ያለው ውሃ ስለሚወጥረው ነው። ውጥረቱ ሲቀንስ ይዝላል። አፈሩ ውስጥ ውሃ አለ ወይስ የለም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ቅጠሉ ይህን አይነግራችሁም።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራላችሁ እንበል። ቧንቧውን ስትከፍቱ ጠብ የሚል ነገር የለም። ሮቶው ባዶ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሮቶው ሞልቶ ሞተሩ ተቃጥሎም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ደህና ሆነው መስመሩ በደለል ተደፍኖም ይሆናል። ወይም ደግሞ የታች ፎቅ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ልብስ እያጠቡ ነው፤ ማታ ላይ ይመጣል። አራቱም ቤት ውስጥ ላለ ሰው አንድ ናቸው፤ ቧንቧው ደርቋል። ሞተሩ ለተቃጠለበት ግን ቦቴ አስመጥቶ ሮቶ ማስሞላት ምን ይፈይዳል? ተክል ላይም ባዶው ሮቶ የደረቀ አፈር ነው። የተቃጠለው ሞተር የሞተ ሥር ነው። የተደፈነው መስመር ግንዱ ውስጥ የገባ በሽታ ነው። የልብስ አጣቢዎቹ ሰዓት ደግሞ የቀትር ፀሐይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም አለብኝ። ተክል ውስጥ ውሃውን በዋናነት የሚያንቀሳቅሰው ከታች የሚገፋ ሞተር አይደለም። በሌሊት ትንሽ የሥር ግፊት አለ፤ ቀን ላይ ግን ውሃውን ወደ ላይ የሚስበው ቅጠሉ ራሱ ነው፣ በትነት። ስለዚህ መስመሩ ሲደፈን መጀመሪያ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ለጋው ጫፍና ትልልቁ ቅጠል ነው።

የቀትሩን ቶሎ ልጨርሰው። ዱባ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ጆሮውን ጥሎ ማታ ቀና ይላል። ችግር የለበትም። ተክሉን ፀሐይ ሳትወጣ እዩት። ሌሊቱን ሙሉ አርፎ ጠዋትም የጠወለገ ከሆነ ነገሩ የምር ነው። የደረቀ አፈርም ለመለየት ቀላል ነው፤ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። ከውስጥም ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ ውሃው ሥሩ ድረስ እንዲዘልቅ አድርጋችሁ።

ጣታችሁ እርጥበት ካገኘ ግን ባልዲውን አስቀምጡ። ሥር ይተነፍሳል። አየር የሚያገኘው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ካለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ሁሉ በውሃ ሲሞላ ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነ ሥር ደግሞ ውሃ መውሰድ ያቆማል። ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። መረሬ አፈር ላይ በክረምት፣ ወይም ቀዳዳው በተደፈነ ገንዳ ውስጥ፣ በጣም የተለመደ ነው። የተዳከመው ሥር ላይ እንደ ፒቲየምና ፋይቶፍቶራ ያሉ ሥር አበስባሽ ተሕዋስያን ይከተላሉ። አንድ ሥር መዝዛችሁ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ሳቡት። ጤነኛው ነጭና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ነው፤ ልጣጩ እንደ ካልሲ ተንሸራቶ ይወልቅና መሃሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። ሽታውም ይለያል። ነጭ ሥር ከቀረው ተስፋ አለው፦ ውሃ ማጠጣት አቁሙ፣ ውሃው የሚወርድበት መንገድ ክፈቱ፣ ጥላ አድርጉለት፣ የቅጠሉን ሸክም ትንሽ ቀንሱለት።

«ዩሪያ ጨምርበት» የሚሉም አሉ። ሥሩ ለታመመ ተክል ማዳበሪያ ሥሩ አጠገብ መከመር ጉዳቱን ያባብሳል። አፈሩ ውስጥ የሚሟሟው ነገር ሲበዛ ውሃ ወደ ሥሩ መግባቱ ይከብደዋል፤ ሲብስም ከሥሩ ይወጣል።

አሁን ወደ ተደፈነው መስመር ልምጣ። ቲማቲም፣ ድንች ወይም ቃሪያ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ከጠወለገ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራልስቶኒያ የምትባለውን ባክቴሪያ ነው። የግንዱን የውሃ ቱቦዎች በራሷ ዝልግልግ ፈሳሽ ትደፍናለች። ቤት ውስጥ የሚሠራ ምርመራ አለ። ግንዱን ከአፈሩ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ በንጹሕ ቢላ ቁረጡ። ንጹሕ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አምጡና የተቆረጠውን ጫፍ ውሃው ውስጥ ነከር አድርጋችሁ ሳትነቀንቁ ያዙት። ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ከቁርጡ ላይ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ ነው።

ክሩ ካልወረደ ግንዱን በቁመቱ ሰንጥቁት። ከልጣጩ ሥር ቡናማ መስመር ካያችሁና በሽታው የጀመረው ከታች ቅጠሎች ቢጫ በመሆን፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ ያስጠረጥራል። ያስጠረጥራል ነው ያልኩት። ቨርቲሲሊየም የሚባል ሌላ ፈንገስም ይመስለዋል፤ እርግጠኛውን ላቦራቶሪ ይለየዋል።

ለነዚህ በሽታዎች ማንኮዜብ የሚያዙ ሰዎች አሉ። ማንኮዜብ ቅጠሉ ላይ ቆሞ ፈንገስ እንዳይገባ የሚከላከል ነው። ግንድ ውስጥ ገብቶ ቱቦ አይጠርግም፤ ባክቴሪያ ጭራሽ አይመለከተውም። ራልስቶኒያ የያዘውን ተክል የሚያድን ርጭት የለም። ከነሥሩና ከሥሩ ዙሪያ ካለው አፈር ጋር ንቀሉት፤ ኮምፖስት ውስጥ አትጣሉት። ቢላውንና መኮትኮቻውን አጥባችሁ በበረኪና አጽዱ። ቦታው ላይ ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ ደበርጃን ለዓመታት አትመልሱ፤ በቆሎ ወይም ሽንኩርት ይሻላል።

የቢላውን ነገር አጥብቄ የምናገረው በእንሰት ምክንያት ነው። የእንሰት አጠውልግ የሚያመጣው ሌላ ባክቴሪያ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ነው ለይተው የገለጹት። የታመመውን እንሰት ስትቆርጡት ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። ያ ቢላ ሳይጸዳ ወደ ቀጣዩ እንሰት ከሄደ በሽታውን ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ነው ቢላ በእሳት አግሉ የሚባለው። ይኸው ባክቴሪያ በ2001 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ታየ፤ ከዚያም በአካባቢው አገሮች ተዛመተ። በዓመታት ያደገ እንሰት ያለው ቤተሰብ «ውሃ ጠምቶት ይሆናል» እያለ የሚያባክነው ሳምንት ብዙ ያሳጣዋል።

ውጭ አገር ላላችሁም ነገሩ ያው ነው። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ቤት ገዝታችሁ አጥሩ ላይ ዊስተሪያ ካገኛችሁ፣ ሥር የሰደደ ዊስተሪያ በቀላሉ የሚጠወልግ ሐረግ እንዳልሆነ እወቁ። ብርዱ ሳይገባ በመጸው ቅጠሉ መርገፉ ባሕርዩ ነው፤ በጸደይም ዘግይቶ ማቆጥቆጡ አያስደነግጥ። በበጋ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ከጠወለገ ያንን ቅርንጫፍ ወደ ታች ተከተሉት፤ የታሰረበት ሽቦ አንቆት ሊሆን ይችላል። ሙሉው ከጠወለገ ደግሞ ከሥሩ ጀምሩ። አፈሩ ሸክላና ውሃ የቋጠረ ነው? ከግንዱ ግርጌ ልጣጩን ትንሽ ፋቅ ስታደርጉት እንጉዳይ እንጉዳይ የሚሸት ነጭ ሽፋን ካለ አርሚላሪያ የሚባለው ሥር አበስባሽ ፈንገስ ሳይሆን አይቀርም። እሱንም የሚያድን ርጭት የለም፤ ጉቶው ከነሥሩ ይወጣል።

ድንች ለምትተክሉ አንድ ልጨምር። ራልስቶኒያ በቀዝቃዛ ደጋ ተክሉን ሳታጠወልግ ድንቹ ውስጥ ተደብቃ ልትቆይ ትችላለች። ያ ድንች ለዘር ወደ ሞቃት ቦታ ሲወርድ ይጠወልጋል። ስለዚህ ዘር ስትገዙ ማሳው ጤነኛ ይመስል ነበር መባሉ አይበቃም። ከገበያ ለወጥ የገዛችሁትን ድንች ለዘር አትጠቀሙ። የተመሰከረለት ዘር ፈልጉ፤ ከመትከላችሁ በፊትም ጥቂቶቹን ለሁለት ቁረጡና እዩ። ከልጣጩ ገባ ብሎ ያለው ቀለበት ቡናማ ከሆነ ወይም ስትጫኑት ነጭ ፈሳሽ ካወጣ፣ ያንን ከረጢት ሙሉውን አትትከሉት።