የሞት መንስኤ ሲለወጥ አማካይ ዕድሜ ምን ይሆናል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«አማካይ ዕድሜ 49 ከሆነ ሰዉ የሚሞተው 50 ሳይሞላው ነው።»
አይደለም። አማካይ ዕድሜ ማለት የተወለደ ሕፃን በአማካይ ይኖራል ተብሎ የሚሰላው ዓመት ነው። አዳማ የተወለዱ 10 ሕፃናት አሉ እንበል። ሦስቱ በአንድ ዓመታቸው በሳንባ ምች፣ በተቅማጥ ወይም በወባ ቢሞቱ፣ ሰባቱ ደግሞ 70 ቢደርሱ አማካዩ 49.3 ይመጣል። በ49 ዓመቱ የሞተ ግን አንድም የለም። ክትባት፣ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ንጥረ ነገር) እና አጎበር ከሦስቱ ሁለቱን ቢያተርፉና እነሱም 70 ቢደርሱ አማካዩ 63.1 ይሆናል። ለሽማግሌዎቹ አንዲት ቀን እንኳ አልተጨመረችም።

«ካንሰር ቢጠፋ 20 ዓመት እንጨምር ነበር።»
ከካንሰር የተረፈን ሰው ልብ፣ ስትሮክና ኩላሊት ይጠብቁታል። ከ100 ሟቾች 20ዎቹ በ75 ዓመታቸው በአንድ በሽታ ሞቱ እንበል። በሽታው ባይኖር እያንዳንዳቸው 8 ዓመት ቢጨምሩ 160 ዓመት ይገኛል፤ ለ100 ሲካፈል 1.6 ብቻ። አሁን ደግሞ 4 ወጣቶች በ25 ዓመታቸው በመኪና አደጋ ባይሞቱና 70 ቢደርሱ 180 ዓመት፣ ማለትም 1.8 ይገኛል። አራት ሰው ከሃያ ሰው በለጠ! የጅቡቲ ከባድ መኪና፣ ባጃጅና ያለ ሄልሜት የሚነዳ ሞተር አንድ አስፋልት በሚጋፉበት ከተማ ይህ ሒሳብ ቢታወቅ ጥሩ ነው።

«ከሕፃናት ሞት ውስጥ የአራስ ሕፃናት (አንድ ወር ያልሞላቸው) ድርሻ ካደገ አራስ ሕፃናት በብዛት እየሞቱ ነው።»
ድርሻና መጠን ይለያያሉ። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ 49ኙ በመጀመሪያው ወር። በ2016 ቁጥሩ 67 እና 29 ሆነ። የአራስ ሕፃናት ድርሻ ከ30 ወደ 43 በመቶ አደገ፣ ሞቱ ግን ቀነሰ። ክትባትና ኦአርኤስ ከፍ ያሉትን ሕፃናት ቶሎ ይደርሱላቸዋል። ሲወለድ የታፈነን ወይም ያለ ጊዜው የተወለደን ሕፃን የሚያተርፈው ግን በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) አየር መስጠት የምትችል አዋላጅና ሙቀት ነው።

«በወረርሽኝ ዓመት የተወለደ ዕድሜው አጭር ነው።»
አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ አማካዩ ወደ 39.1 ወረደ፤ በ1919 ወደ 54.7 ተመለሰ። ቁጥሩ የሚሰላው የዚያ ዓመት ሞት ዕድሜ ልክ ቢቀጥል ተብሎ ነው፤ ትንበያ አይደለም።

«የሞት ማስረጃ ላይ ‹ልብና ትንፋሽ ቆሞ› ከተባለ መንስኤው ታውቋል።»
የማን ልብ ሳይቆም ቀረ? ሐኪሙ ከመጨረሻው ክስተት ጀምሮ ወደ ታች ይጽፋል፤ ከታች የሚሰፍረው መነሻው ነው፦ ስኳር ከሆነ ስኳር፣ ቲቢ ከሆነ ቲቢ። ይህ መስመር ባዶ ከቀረ ቀበሌ ሞቱን ቢመዘግብም የትኛው በሽታ ስንት ዓመት እንደቀማ ማስላት አይቻልም።