የአባት ኑዛዜ ታላቅ ወንድም ጋ ሲቀመጥ

ሐዋሳ ውስጥ የለቅሶው ድንኳን ሳይፈርስ ወሬው ይጀምራል፤ «ጋሼ ኑዛዜ ትተዋል፤ ወረቀቱ ታላቅየው ጋ ነው።» ታናናሾቹ የማየት መብት አላቸው? አዎ። ኑዛዜ የያዘ ሰው የተናዛዡን መሞት እንዳወቀ ወረቀቱ እሱ ጋ መኖሩን መግለጽ አለበት። ኮመዲኖ ውስጥ ቆልፎ «ይደርሳል» ማለት አይሠራም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ የመፈለጉን ሥራ የሰጠው ለውርስ አጣሪው፣ ማለትም የሟቹን ውርስ አጣርቶ ለሚያከፋፍለው ሰው ነው፤ የሚከፈተውም ወራሾች ባሉበት ነው። አልሰጥም ያለ ካለ ለፍርድ ቤት አመልክቱ፤ ሽማግሌ መላክ ጥሩ ነው፣ ግን ጊዜ ይበላል።

ወረቀቱ ሲወጣ ፊርማዎቹን ቁጠሩ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ።

አባት በሕይወት ሳሉ ግን «አሳዩኝ» ብሎ ማስገደድ የለም። ሲሻቸው ይቀይሩታል።