የሆሊዉድ ጥቁር መዝገብ ምንድን ነው?

ከ1947 እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በርካታ የአሜሪካ ፊልም፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ባለሙያዎች ኮሚኒስት ናችሁ፣ ወይም ከኮሚኒስት ጋር ትውላላችሁ ተብለው ከእንጀራቸው ተፈናቅለዋል። ጥቁር መዝገብ የሚባለው ይህ አሠራር ነው። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው መንግሥት ያወጣው፣ ማኅተም ያረፈበት ዝርዝር ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ዝርዝር አልነበረም። እነዚህን ሰዎች መቅጠር የሚከለክል ሕግም አልወጣም። መንግሥት ጠየቀ፣ ቀጣሪዎች ቀጡ። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፦ ስልኩ መጮኽ ያቆመበት ጸሐፊ ማን እንዳስባረረው እንኳ በወጉ የሚነግረው አያገኝም፤ ስቱዲዮዎቹ መዝገብ የሚባል ነገር የለም ይሉ ነበርና።

ነገሩ የፈነዳው በኦክቶበር 1947 ነው። የተወካዮች ምክር ቤት የፀረ አሜሪካ እንቅስቃሴዎች ኮሚቴ የሆሊዉድን ሰዎች ዋሽንግተን ጠርቶ «የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነህ? ከዚህ ቀደምስ ነበርክ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ዐሥር ሰዎች፣ አብዛኞቹ የፊልም ጸሐፊዎች፣ የፖለቲካ አቋማችንን ሕገ መንግሥቱ ይጠብቅልናል ብለው አንመልስም አሉ። ምክር ቤቱ በ346 ድምፅ፣ በ17 ተቃውሞ፣ ኮንግረስን በመድፈር እንዲከሰሱ ወሰነ። በዚያው ሰሞን የስቱዲዮ አለቆች ኒውዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ተሰብስበው ዐሥሩን እንደሚያባርሩ፣ ኮሚኒስት መሆኑን እያወቁም ማንንም እንደማይቀጥሩ አስታወቁ። መዝገቡ የተወለደው በዚህ መግለጫ ነው። ዐሥሩ በ1950 እስር ቤት ገቡ።

ብዙዎች ይህን ሁሉ የሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ሥራ ያደርጉታል። ማካርቲ ግን ስሙ የገነነው በ1950 ነው፤ ሴናተር እንደመሆኑም የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ አባል አልነበረም። ፍርሃቱን አባባሰው እንጂ አልጀመረውም።

በ1950 «ሬድ ቻነልስ» የተባለ ጥራዝ ወጣ። የግል አሳታሚዎች ያዘጋጁት ሲሆን 151 የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዎችን በስም ይዘረዝራል። ማስረጃ ተብሎ የቀረበው አንድ ስብሰባ መገኘት ወይም አንድ አቤቱታ መፈረም ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያ የሚከፍሉ ኩባንያዎች ከገበያቸው እንዳይጎድልባቸው ሲሉ በጥራዙ ያለን ሰው ሸሹ።

መውጫ መንገድ ነበረ፤ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ወዳጆችን መጠቆም። ከዐሥሩ አንዱ የሆነው ዳይሬክተር ኤድዋርድ ድሚትሪክ ከእስር ሲወጣ በ1951 ስም ሰጠና ወደ ሥራው ተመለሰ። ኮሚቴው አብዛኞቹን ስሞች አስቀድሞ ያውቃቸው ነበር። ስለዚህ የሚፈለገው መረጃው አልነበረም፤ ሰውዬው በአደባባይ ወዳጁን አሳልፎ ሲሰጥ መታየቱ ነበር። በእኔ እምነት ከእስሩም ይልቅ የዚያን ሙያ ማኅበረሰብ ያፈረሰው ይህ ነው።

ጸሐፊዎች በሰው ስም እየጻፉ ቆዩ። ዳልተን ትራምቦ «ሮማን ሆሊዴይ»ን የጻፈው በጓደኛው በኢያን ማክሌላን ሃንተር ስም ነበር፤ የድርሰቱ ኦስካርም ለሃንተር ተሰጠ። በ1957 ደግሞ «ሮበርት ሪች» የተባለ ጸሐፊ ኦስካር አሸነፈ። እንዲህ የሚባል ጸሐፊ አልነበረም፤ ትራምቦ ነው። ተዋናይ ግን ፊቱን ከማን ይዋሳል? በቴሌቪዥን የሚታወቀው ፊሊፕ ሎብ ስሙ «ሬድ ቻነልስ» ላይ ከወጣ በኋላ ሥራውን አጥቶ በ1955 ራሱን አጠፋ።

በ1960 ዳይሬክተር ኦቶ ፕሬሚንገር፣ ከዚያም ተዋናይና ፕሮዲዩሰር ከርክ ዳግላስ የትራምቦን ስም በፊልሞቻቸው ላይ በግልጽ አወጡ፤ አሠራሩም ከዚያ ወዲያ እየላላ ሄደ። ትልቁን ምት ያሳረፈው ግን የኒውዮርኩ ሬዲዮ አቅራቢ ጆን ሄንሪ ፎልክ ይመስለኛል። ስሙን ያጠፋውን አዌር የተባለ የግል ድርጅት በ1956 ከሰሰ፤ ሥራውንም አጥቶ ክሱን አልተወም። በ1962 ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች (ጁሪ) 3.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱለት። ገንዘቡ በይግባኝ እጅግ ቢቀነስም ፍርዱ ጸና፤ ከዚያ በኋላ ሰውን ከሥራ ለማስባረር ስም የሚያቀብል ሁሉ በፍርድ ቤት ሊጠየቅ እንደሚችል አወቀ።