የስክሪንሾት ጥራት፦ የፒክሰል ብዛት ሌላ፣ የፒክሰል ጥግግት ሌላ

ስክሪንሾት ስታነሱ ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። በዚያች ቅጽበት ስክሪኑ ላይ ያሉትን ፒክሰሎች፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩትን ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች፣ ቀለማቸውን አንድ በአንድ ገልብጦ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ሌንስ የለም፣ የእጅ መንቀጥቀጥም የለም። ስክሪኑ 1920 በ1080 ከሆነ፣ ሙሉውን ስታነሱት ፋይሉም 1920 በ1080 ነው። ሲባዛ 2,073,600 ፒክሰል። ሬዞሉሽን የሚባለው ይኸው ብዛት ነው።

ጥግግት ደግሞ እነዚያ ፒክሰሎች በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ሆነው እንደተደረደሩ ይነግረናል፤ ፒፒአይ የሚባለው ማለት ነው። ይህ የስክሪኑ ባሕርይ ነው። ባለ 24 ኢንች ሞኒተርና ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ ሁለቱም 1920 በ1080 ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሞኒተሩ በኢንች 92 ገደማ፣ ላፕቶፑ 141 ገደማ ፒክሰል አለው። ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ ሁሉ ነገር አነስ ብሎ ጥርት ይላል። ከሁለቱ የተነሱት ስክሪንሾቶች ግን እኩል ፒክሰል ነው ያላቸው። የትኛው ከየትኛው እንደመጣ ከፒክሰል ብዛታቸው መለየት አይቻልም።

ግራ የሚያጋባው ፋይሉ ራሱ የጥግግት ቁጥር ይዞ መምጣቱ ነው። የምስሉን ዝርዝር መረጃ ስትከፍቱ ብዙ ጊዜ 96 ወይም 72 ዲፒአይ (በኢንች ስንት ነጥብ ማለት ነው) የሚል ታያላችሁ። አይታችሁም አትደንግጡ። ፒኤንጂ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ውስጥ ይህ መረጃ ከምስሉ ተለይቶ በ9 ባይት ብቻ ይቀመጣል፣ የሚጻፈውም በሜትር ነው፤ በኢንች 96 ማለት በሜትር 3,780 ማለት ነው። ጭራሹን ላይኖርም ይችላል፤ ባይኖር ምስሉ ምንም አይጎድልበትም። ጫማ ላይ የተጻፈውን 40 ቁጥር ፍቃችሁ 44 ብትጽፉበት ጫማው አይሰፋም፤ ይህም እንደዚያው ነው።

72 የመጣው ከ1984ቱ ማኪንቶሽ ነው። ስክሪኑ 512 በ342 ፒክሰል፣ ጥግግቱም በኢንች 72 ነበር። በኮምፒውተር ኅትመት የፊደል መጠን መለኪያ የሆነው ፖይንት 72 ሲሆን አንድ ኢንች ስለሚሞላ፣ ስክሪን ላይ የሚታየው ፊደል ወረቀት ላይ ከሚወጣው ጋር በመጠን ይገጥም ነበር። ዊንዶውስ 96ን ያዘ። የዛሬ ስክሪኖች ከሁለቱም ርቀው ሄደዋል፣ ቁጥሮቹ ግን እስካሁን ፋይሎቻችን ላይ አሉ።

ትልቁ ጣጣ የሚመጣው ከኅትመት ጋር ነው። ማተሚያ ቤቶችና መጽሔቶች "ምስሉ 300 ዲፒአይ ይሁን" ይላሉ። ወረቀት ላይ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወጣ ካልተነገረ ይህ ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው። 1920ን ለ300 አካፍሉት፤ 6.4 ኢንች ይመጣል፣ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ለመደበኛ መጽሐፍ ገጽ ወርድ ይበቃል። ያንኑ ፋይል በ96 ብታትሙት 20 ኢንች ይሰፋል፣ ግን ፒክሰሎቹ በዓይን ይቆጠራሉ። ፋይሉ አንድ ነው፤ የተለየው ወረቀት ላይ የተሰጠው ቦታ ነው።

ፎቶሾፕ ውስጥ የምስል መጠን የሚስተካከልበትን መስኮት ስትከፍቱ "ሪሳምፕል" የሚል ምልክት አለ። ሁሉም ነገር ያለው እሱ ላይ ነው። ምልክቱን አንስታችሁ 72ን ወደ 300 ብትቀይሩ የሚለወጠው ያ ቁጥር ብቻ ነው፤ አንድም ፒክሰል አይነካም። ምልክቱን ሳታነሱ ከቀየራችሁ ግን 1920ው 8,000 ፒክሰል ይሆናል። ፕሮግራሙ ያልነበሩትን ፒክሰሎች ከጎረቤቶቻቸው ቀለም እየገመተ ይሞላል፣ የፒክሰሉ ብዛት ከ17 እጥፍ በላይ ያድጋል፣ የፊደሎቹ ጠርዝ ይፈዛል፣ አዲስ የሚነበብ ነገር ግን አንድም አይጨመርም። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የግድ ማሳደግ ካለባችሁ በሙሉ ቁጥር፣ 2 ወይም 3 እጥፍ፣ "ኒረስት ኔበር" በሚለው ዘዴ አሳድጉት፤ እያንዳንዱ ፒክሰል እንዳለ ስለሚባዛ ጠርዙ አይደበዝዝም።

የስክሪን ጥግግት የስክሪንሾትን ፒክሰል በእርግጥ የሚለውጥበት ሁኔታም አለ። በ2010 የወጣው አይፎን 4 ከቀደመው ጋር በስክሪን ስፋት እኩል፣ 3.5 ኢንች፣ ሆኖ ሳለ ከ480 በ320 ወደ 960 በ640 ዘለለ፤ በኢንች 326 ፒክሰል ማለት ነው። በ2012 ማክቡክ ፕሮ በ2880 በ1800 ተከተለ። እንዲህ ያሉ ስክሪኖች ፊደሉንና አዶውን በእጥፍ ፒክሰል ይስሉታል። 800 በ600 ተብሎ የሚታሰብ መስኮት በስክሪንሾት 1600 በ1200 ሆኖ ይወጣል። ማክ ይህን ፋይል 144 ብሎ ያስቀምጠዋል፣ የ72 እጥፍ። ድረ ገጽ ላይ ወርዱን ሳትወስኑ ከለጠፋችሁት ደግሞ ከዋናው እጥፍ ገዝፎ ይታያል፤ ወርዱን 800 በሉት፣ ያን ጊዜ መጠኑም ጥራቱም ይስተካከላል። ዊንዶውስ ላይ የስክሪን ማጉያው 150 ወይም 200 ፐርሰንት ሲሆንም ነገሩ ያው ነው።

እንግዲህ የተሻለ ስክሪንሾት ከፈለጋችሁ ሥራው ከማንሳታችሁ በፊት ነው። ብራውዘሩን 200 ፐርሰንት ዙም አድርጋችሁ የምትፈልጉትን ክፍል ብቻ አንሱ። ፊደሉ በብዙ ፒክሰል እንደ አዲስ ስለሚሳል ጥራቱ እውነተኛ ነው። ገጹ ላይ ያሉ ፎቶዎች ግን ዋናው ፋይላቸው ትልቅ ካልሆነ አይሻሻሉም። ፋየርፎክስ እንዲያውም በዲቨሎፐር ኮንሶሉ (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት የፕሮግራመሮች መስኮት) በኩል ስክሪንሾቱን በስንት እጥፍ እንዲያነሳው ማዘዝ ያስችላል።

ሴቭ ስታደርጉ ፒኤንጂ ይሁን። ጄፔግ የተሠራው ለፎቶግራፍ ስለሆነ ጽሑፍ ዙሪያ እድፍ የመሰለ ነገር ይተዋል። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲሄድ ይጨመቃል፣ ትልቅ ከሆነም ፒክሰሉ ይቀነሳል። የተቀበለው ሰው የፋይሉን ወርድና ቁመት ቢያይና እናንተ ጋ ካለው ጋር ቢያስተያይ የጎደለ ፒክሰል መኖሩን ወዲያው ያውቃል።