የነፍሰ ጡር ጉበትና አልትራሳውንድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ በአልትራሳውንድ ክፍል ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ «አልትራሳውንድ ታይቻለሁ፣ ጉበቴም ደህና ነው» የሚለውን ያህል የሰለቸኝ ንግግር ግን የለም። ወረቀቱን ተቀብዬ ሳነበው የጽንሱ የልብ ምት፣ የእንሽርት ውሃው መጠንና የእንግዴ ልጁ አቀማመጥ ተጽፎ አገኛለሁ፤ ስለ ጉበት አንድም ቃል የለበትም። የእርግዝና ክትትል አልትራሳውንድ የሚያየው ማኅፀንን ነው፤ ጉበት እንዲታይ ካልታዘዘ ማንም አያየውም።

ወደዚህ ጉዳይ ከመመለሴ በፊት ቀለል ያሉትን ስህተቶች ላንሳ። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ በመሆኑ ጽንስን የሚጎዳ ጨረር የለውም። «የወፍ በሽታ» የሚባለውም የሌሊት ወፍ በላይ ስላለፈች አይመጣም። ከምክንያቶቹ መካከል ሄፓታይተስ ቢ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ በተበከለ ውሃ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኢ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከሚይዛቸው ነፍሰ ጡሮች እስከ 25 በመቶ የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል። የመዳፍ መቅላት ብቻውን የጉበት በሽታ ምልክት አይደለም፤ በእርግዝና ሆርሞን ምክንያት በብዙ ጤነኛ ሴቶች ላይ ታይቶ ከወሊድ በኋላ ይጠፋል።

«በእርግዝና የጉበት ምርመራ ሁሉ ይዛባል» የሚለውን ከባለሙያም ስለምሰማው ይበልጥ ያናድደኛል። በደም ምርመራ የሚለካው አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለ ኢንዛይም የሚጨምረው የእንግዴ ልጁም ስለሚያመነጨው ሲሆን፣ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን አልቡሚን የሚቀንሰው የደሙ ፈሳሽ ስለሚበዛ ነው። የጉበት ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሱት ኢንዛይሞች፣ ኤ.ኤል.ቲ. እና ኤ.ኤስ.ቲ.፣ ግን በጤነኛ እርግዝና ከመደበኛው መጠን አያልፉም፤ ካለፉ «እርግዝና ነው» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። የጉበትን ጥንካሬ የሚለካው ኢላስቶግራፊ በመጨረሻዎቹ ወራት በጤነኛ ሴትም ላይ ከፍ ብሎ ከወሊድ በኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ በዚያ ጊዜ የተገኘን ቁጥር ብቻ ይዞ ጉበቷ ጠባሳ አለው ማለት አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት ልመለስ፤ ጉበቱ ራሱ በአልትራሳውንድ ታይቶ ምስሉ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ጉበቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። አንዲት የ34 ሳምንት ነፍሰ ጡር ከአማቷ ጋር ከኮምቦልቻ መጣች፤ መዳፏንና ውስጥ እግሯን ሌሊት ሌሊት እያሳከካት እንቅልፍ አጥታለች፤ ሽፍታ ግን የለባትም። አማቷ «የኔ ልጅ፣ እንሶስላው ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» አሉኝ፤ ሌላ ቦታ የተሰጣትን «ጉበት መደበኛ» የሚል ወረቀትም አሳዩኝ። እኔም ሳየው ምስሉ መደበኛ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከውጤቱ ሥር «ምስሉ ማሳከኩን አያስረዳም፤ የጉበት ኢንዛይምና የሐሞት አሲድ ይለካ» ብዬ ጻፍሁ። ሁለቱም ከፍ ብለው ተገኙ። በሐኪም የቅርብ ክትትል በ37ኛው ሳምንት በሰላም ተገላገለች፤ ማሳከኩም በቀናት ውስጥ ተዋት። የእርግዝና ኮሌስታሲስ በሚባለው በዚህ ሕመም ሐሞት የሚታወከው በጉበት ሴሎች ውስጥ ስለሆነና ቱቦው ስለማይዘጋ፣ የአልትራሳውንድ ምስል የሚይዘው ነገር የለም፤ የሐሞት አሲዱ በሊትር 100 ማይክሮሞል ሲደርስ ግን ጽንሱ በማኅፀን ውስጥ የመሞት አደጋው በግልጽ ይጨምራል።

በእርግዝና መጨረሻ ድንገት የሚከሰተው የጉበት ስብ ሕመምም ያው ነው፤ ስቡ በእጅግ ደቃቅ ጠብታዎች ስለሚከማች ጉበቱ ሥራ እያቆመ ምስሉ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በሰባተኛው ወርና ከዚያ በኋላ ትውከት የበረታባት፣ ዓይኗ ቢጫ የሆነ ወይም ከደም ግፊት ጋር በቀኝ ጎድኗ ሥር የሚያማት ሴት «ጨጓራ ነው» ተብላ አትቆይ፤ የአልትራሳውንድ ተራም አትጠብቅ፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ደርሳ ደሟ ይመርመር።

ለሐሞት ጠጠር አልትራሳውንድ የታዘዘላት ግን ስድስት ሰዓት ያህል ምግብ ሳትቀምስ ትምጣ፤ የበላች ሴት የሐሞት ከረጢቷ ስለሚኮማተር በደንብ አይታይም። «ውሃ ጠጥተሽ ሽንትሽን ያዢ» የሚባለው ለመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ምርመራ ነው፤ ሁለቱን አምታተው፣ ቁርስ በልተውና ሽንታቸውን ይዘው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያመጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የሚወጡ ሴቶችን ያለ ምርመራ መመለስ እኔንም ያሳዝነኛል።