ከተማ የነበሩ ቦታዎች፦ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ የተፈቱና የደበዘዙ ከተሞች

በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ሰው በበሬ ማረስና በመንደር መስፈር ከጀመረ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከተሞች ተቆርቁረዋል፣ ገበያቸው ደርቷል፣ ከዚያም ተፈተዋል። ይሁንና በሩ ተከፍቶ የቀረ፣ ዝር የሚል ሰው የሌለበት ከተማ ፍለጋ የወጣ ሰው እዚህ ብዙም አይቀናውም። አብዛኛውን ጊዜ የሄደው ቤተ መንግሥቱ ወይም ነጋዴው ነው፤ ገበሬው እዚያው አለ። የድሮውን ግቢ ያርሰዋል፣ ጥርቡን ድንጋይ ለቤቱ መሠረትና ለማሳው ካብ ያነሣዋል። የጸሎት ቤት ካለም በዓሉ አልታጎለም። የተፈታ ከተማ የሚጎበኝ ሰው የሚገባው ሰው ወዳለበት ቀዬ ነው።

የሓ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ከአድዋ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በዚህች ትንሽ መንደር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ አልመቃህ ለሚባል የጥንት አምላክ የታነጸው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ዛሬም ቆሟል። ድንጋዮቹ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ፣ ጠርዛቸው ተስተካክሎ ተጠርቦ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረዋል፤ መጋጠሚያቸው ከቀጭን መስመር አይበልጥም። ሕንጻው ያልፈረሰው በኋላ ዘመን ቤተ ክርስቲያን በመሆኑ ነው። አጠገቡ ባለው የአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ውስጥም የዋልያ ምስል የተቀረጸባቸው ጥንታዊ ድንጋዮች ተሰክተው ይታያሉ። ከተማዋ ብትጠፋም ድንጋዩ ሥራ አልፈታም።

አዱሊስ ግን የተለየ ዕጣ ገጠማት። ከምጽዋ በስተደቡብ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ የነበረችው ይህች ወደብ በ1ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈ የግሪክ የመርከበኞች መመሪያ ላይ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት መውጫ ሆና ተጠቅሳለች። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ እዚያ ደርሶ፣ በአንድ የእብነ በረድ ዙፋንና በአጠገቡ በቆመ ሐውልት ላይ የነበሩትን የግሪክኛ ጽሑፎች ገልብጧል። ዙፋኑም ሐውልቱም ዛሬ የሉም፤ የቀረልን የእሱ ግልባጭ ብቻ ነው። የቀይ ባሕር ንግድ በ7ኛው ክፍለ ዘመን መልኩን ሲቀይር ወደቡ ተፈታ፤ ሐሩሩን ችሎ የሚያርሰው ገበሬም እንደ ደጋው አልተትረፈረፈም። ከዚያ ወደ ደጋው በሚያወጣው መንገድ ላይ ቆሐይቶና መጠራ የተባሉ ጥንታዊ ከተሞች ይገኛሉ። መጠራ አናቱ ላይ ፀሐይና ጨረቃ የተቀረጸበት፣ ገና አናባቢ ባልነበረው የግዕዝ ፊደል የተጻፈበት ሐውልት አላት። ይህ ሐውልት ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ወድቆ ተሰብሯል፤ በኋላ ተጠግኗል።

የሚነሣና የሚሰፍር ቤተ መንግሥት

ከመካከለኛው ዘመን እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የኢትዮጵያ ከተሞች የተወለዱትም የሞቱትም በንጉሡ መንገድ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር በዝርዝር ጽፎታል። የንጉሡ ድንኳን የት እንደሚተከል፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ወጥ ቤቱና ገበያው በየት በኩል እንደሚውሉ የታወቀ ነበር። ሁሉም ቦታውን ስለሚያውቅ ሰፈሩ የትም ቢተከል ከተማው ያው ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ ዙሪያውን በጥቂት ጊዜ ማራቆቱ የማይቀር ነው። እህሉ ያልቃል፣ ከሁሉ በፊት ግን ማገዶው ይርቃል። ሰፈሩ ሲነሣ ድንጋይ ቤት ከሌለ የሚቀረው አመድና ገል ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው በዜና መዋዕል ስማቸው የተጠቀሰ ብዙ ሰፈሮች በምድር ላይ የማይገኙት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ በሳለው የዓለም ካርታ ላይ የሰፈረችው በራራ የተባለች ከተማ የት እንደነበረች እስከ ዛሬ ክርክር አለ።

የድንጋይ ግንብ ሲመጣ ነገሩ ተቀየረ። በእንፍራዝ አጠገብ፣ ጣና ቁልቁል በሚታይበት ኮረብታ ላይ ያለው የጉዛራ ግንብ ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት ይነገራል። የዐፄ ሱስንዮስ ደንቀዝ ደግሞ ከጎንደር በፊት የነበረች ዋና ከተማ ናት። ደጋው ላይ ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ጋር ከመሬት በታች በድንጋይ የተሠራ የውኃ ማጠራቀሚያ አለ። በእኔ እምነት ከግንቡ ይልቅ እሱ ብዙ ይናገራል፤ ውኃ ለማጠራቀም ይህን ያህል የደከመ ንጉሥ ከዚያ ለመነሣት አላሰበም። ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት መንግሥታዊ አድርጎ አገር ደም ከተፋሰሰ በኋላ የኦርቶዶክስ ሃይማኖትን መለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ሲሞት ደንቀዝም አበቃላት። ልጁ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ቆረቆረ። በጣና ሰሜናዊ ዳር ያለችው የጎርጎራዋ ማርያም ግምብም የዚያው የኢየሱሳውያን፣ ማለትም የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ዘመን ቅሪት ናት።

ጎንደር ራሷ ከመጥፋት ለጥቂት ተርፋለች። ዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻቸውን ወደ ደብረ ታቦር አዙረው በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘረፏት፣ አቃጠሏትም። አርባ አራቱ ታቦታት እየተባለ የሚነገርላቸው አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ያን ጊዜ ተጎድተዋል። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ መቅደላ አምባ ላይ ወጥቶ እዚያው ቀርቷል። አምባውን እንግሊዞች በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አቃጥለውት ሄዱ፤ ብዙ የብራና መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳትም ይዘው ነው የሄዱት። መቅደላ ላይ ያለ ፍርስራሽን ያየ ሰው የጎደለው ነገር ሎንዶን ውስጥ መኖሩን ማሰቡ አይቀርም።

በሸዋ መንገዱ ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼ ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ነው። አንኮበር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ወደዚያ መጥቶ ነበር። ከሥሯ ባለችው አልዩ አምባ ከታጁራ የሚመጡ ቅፍለቶች ጨውና ጨርቅ ያራግፉ ነበር። ደብረ ብርሃን አጠገብ ያለችው ልቼ በ1870 ዓ.ም. ምኒልክ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር የታረቁባት ቦታ ናት። ዛሬ እዚያ ከተማ ነበር ብሎ የሚያስብ መንገደኛ ጥቂት ነው።

አዲስ አበባም በዚሁ ልማድ ልትፈታ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ዐሥር ዓመት ብዙም ሳያልፍ ማገዶ አለቀ፤ ዐፄ ምኒልክም በስተምዕራብ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ። ከተማዋን ያዳናት በፍጥነት የሚበቅለው ባሕር ዛፍ ነው። ለቤተ መንግሥት የታሰበው የአዲስ ዓለሙ ሕንጻ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ለማወቅ አዲስ ዓለም ሄዶ ማየት ይጠቅማል፤ ዕጣቸው ተለዋውጦ ቢሆን ኖሮ ጸጥ ያለው ከተማ የቱ ይሆን እንደነበር እዚያ ይታያል።

ንግድ የሄደባቸው

በይፋት፣ ከደጋው ወደ አፋር በሚወርዱት ተራሮች ላይ ኖራ፣ አስባሪና መሳል የተባሉ የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሽ አለ። የድንጋይ መስጊዶቻቸው ግድግዳ የጸሎትን አቅጣጫ ከሚያሳየው ሚሕራብ ጋር የቆመ ነው፤ ከነሱ ሳይርቁ የሚኖሩት አርጎባዎችም እስካሁን በድንጋይ ይገነባሉ። በድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ ላይ ደግሞ ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የመስታወት ዶቃና የውጭ አገር ሳንቲም አውጥቷል። ነዋሪው ድንጋዮቹን እያየ ግዙፎች የኖሩበት ነው ይል ነበር፤ የኖሩበት ግን ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ጋር የሚገበያዩ የእጅ ባለሙያዎችና ነጋዴዎች ነበሩ።

በጣና ደቡብ ምሥራቅ ዳር ያለችው ቆራጣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትልቅ የነጋዴ ከተማ ነበረች። ገበያው ሲዞርና ባሕር ዳር ስትነሣ መንደር ሆና ቀረች። ጎሬም እንዲሁ፦ የቡና ንግድ ማዕከል ነበረች፤ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝም ጊዜያዊው መንግሥት የተቀመጠው እዚያ ነበር። ቡናውን በባሮ ወንዝ ወደ ካርቱም ያወርድ የነበረው የጋምቤላ ወደብ ሥራው ሲቆም የጎሬም ድምቀት ቀነሰ። የባቡሩ ከተሞች ታሪክ ለሁላችንም ቅርብ ነው። ባቡሩ ሐረር መውጣት ስላልቻለ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ተፈጠረች፤ አፍደም፣ ኤረርና አይሻም ኑሯቸውን በጣቢያው ዙሪያ መሠረቱ። አዲሱ መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ የድሬዳዋ ጣቢያ እንኳ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። በእርግጥ ባዶ የቀረ ከተማ የሚሻ ሰው ዳሎል አለችለት። ከባሕር ወለል በታች፣ ለፖታሽ ማዕድን ተሠርታ የተተወች ናት፤ ከጨው ጡብ የተሠሩ ቤቶቿም እየፈረሱ ነው።

ለመጎብኘት

ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት በኋላ ነው፤ ክረምት ሣሩ ካቡን ይሸፍነዋል፣ አዝመራው ሲነሣ ግን የግድግዳ መስመር ይወጣል። ከመነሣት በፊት የአካባቢውን ጸጥታ ማጣራት ግድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለ ፍርስራሽ የደብሩ ነውና ገበዙን ወይም አለቃውን ሳያስፈቅዱ አይገባም፤ ማሳ ውስጥ ያለውም ባለቤት አለው። ከካርታ ይልቅ የአገር ሽማግሌ ይሻላል። በየሓ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ2009 የታወቀችውን ቤተ ሰማዕቲን የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ያገኟት የአካባቢው ሰዎች ጉብታው ትልቅ ቦታ መሆኑን ስለነገሯቸው ነው። ከሥሩ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ባዚሊካና የበሬ ራስ የተቀረጸበት የወርቅ ቀለበት ወጥቷል።

ገል ወይም ሳንቲም ያየ ሰው ኪሱ ባይከተው ይበጃል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር የተከለከለ ነው፤ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም ለቅርስ ባለሥልጣኑ መነገር አለበት። ሕጉ ባይኖርም ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከየትኛው አፈር፣ ከምን አጠገብ እንደተነሣ ያልታወቀ ገል ስለ ከተማው የሚነግረን ነገር የለም።