ትርፍ ምንድን ነው? ከምንስ የተረፈ?

በቅርቡ እዚሁ ጅማ ቱሪስት ተኮር አነስተኛ ንግድ ለመጀመር ለሚያስቡ ወጣቶች በተሰጠ ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ ከአንድ ጎብኚ 1,500 ብር ትቀበላላችሁ፤ ቡናው፣ ስኳሩ፣ ከሰሉና ዳቦው 200 ብር ይፈጃል፤ ስለዚህ 1,300 ብር ትርፍ ነው። ሠልጣኞቹ በየደብተራቸው ገለበጡት። የነጋዴ ሒሳብ ስሠራ ይህን ስሕተት ስንት ጊዜ እንዳየሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ ያን ዕለት ግን አንጀቴ አረረ። አንዳንዶቹ ይህንኑ ቁጥር ይዘው ብድር ሊጠይቁ እየተዘጋጁ ነበርና።

ትርፍ ማለት የተረፈ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉን ከመጥራታችን በፊት ከምን እንደተረፈ መመለስ አለብን። ከስኳርና ከከሰል የተረፈ ሁሉ ትርፍ አይባልም።

ለጅማ ሰው በቡና መናገር ይሻላል። ያ 1,500 ብር እሸት ቡና ነው፤ ገና ከዛፉ የወረደ፣ ቀይ፣ ቅርጫት የሚሞላ። ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እሸት ወደ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና እንደሚወርድ እዚህ አገር ልጅ አዋቂው ያውቃል። እሸቱን መዝኖ በንጹሕ ቡና ሒሳብ የሚዋዋል ገበሬ አላየሁም። ቱሪስት ሲመጣ ግን ይህን ዕውቀታችንን እንረሳዋለን።

ሒሳቧን የምመለከትላት አንዲት ወጣት ወደ ጅሬን በሚወጣው መንገድ አቅራቢያ በአባቷ ግቢ ጎብኚ ታስተናግዳለች። የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይተው የሚመለሱ እንግዶች እሷ ዘንድ ጎራ ይላሉ። ቡና ይለቅማሉ፣ እናቷ ስትቆላ ያያሉ፣ በባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ተቀምጠው እስከ በረካ ይጠጣሉ። ታናሽ ወንድሟ ያስጎበኛል። የኅዳርን ሒሳብ በሰማያዊ የተማሪ ደብተር ይዛልኝ መጣች፦ ገቢ 60,000፣ ወጪ 6,000፣ ትርፍ 54,000። ከመጨረሻው ቁጥር ሥር ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

መጀመሪያ ውኃውን አደረቅነው። ብር የከፈሏት አርባ ሰዎች ናቸው፤ ከእነዚህ አሥሩ ገና አልመጡም፤ የከፈሉት ለጥር ነው። ያ 15,000 ብር እስኪመጡ ድረስ ዕዳ ነው፤ ቢቀሩ ይመለስላቸዋል። እርጥብ ቡና ሚዛን ላይ ይከብዳል፤ ክብደቱ የሚታመነው በማድረቂያ አልጋ ላይ ሰንብቶ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ግድም ሲወርድ ነው። ስለዚህ የኅዳር ገቢ 45,000 ነው።

ቀጥሎ ገለባው። እንግዶችን ከከተማ ያመጣው ባጃጅ 5,000። በኅዳር ከመጡት ሠላሳ እንግዶች አሥሩን የላከው አስጎብኚ ድርጅት 15 በመቶ ኮሚሽን ወስዷል፤ 2,250። ሁለቱም ደብተሩ ላይ አልነበሩም፤ ከኪሷ ስለከፈለች ወጪ አልመሰሏትም። በርጩማውን፣ ስኒውንና ዳሱን በ24,000 ብር አሟልታለች፤ ሁለት ዓመት ቢያገለግሉ በወር 1,000 ብር ያልቃሉ። ይህ በሒሳብ ቋንቋ የእርጅና ቅናሽ ይባላል። ያረጀ የቡና ዛፍ ይጎነደላል፣ እስኪያገግምም ምርት አይሰጥም፤ ለዚያ ጊዜ ያላስቀመጠ ገበሬ ይቸገራል። ስኒም እንደዚያው ነው።

ከዚያ ወደ ሰዎቹ ደረስን። «ለእናትሽ ስንት ትከፍያለሽ?» አልኳት።

«እናቴ እኮ ናት፣ ጋሼ» አለችኝ።

ይህንን ጉዳይ በሌላ ቦታ ሳነሣ አንድ ሰው ክፉኛ ሞግቶኛል። የቤተሰብ ጉልበት ወጪ አይባልም፣ በእኛ ዘንድ መረዳዳት ነው፣ ሒሳብ ሠሪዎች ቤተሰብን በብር ልትተምኑ ነው ይላል። መረዳዳቱን አከብራለሁ፤ እኔም ያደግኩት በዚያው ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። እናትየው ጉልበታቸውን ታምመው ሦስት ሳምንት ቢተኙ ምን ይሆናል? ቡና የምትቆላ ሴት መቅጠር ግድ ነው፤ በ1,500 ብሩ ውስጥ ግን ለእሷ የተቀመጠ ነገር የለም። ዋጋው የተቆረጠው እናት በነፃ እንደምትሠራ ታስቦ ነው። ልጅቷ ባትከፍላቸው እንኳ ዋጋቸውን መጻፍ አለባት። ሳይጻፍ ሲቀር እናትየው ለንግዱ በየወሩ ገንዘብ እየሰጡ መሆናቸውን ራሳቸውም ልጃቸውም አያውቁም። ሞጋቼ ቤተሰብን ያከበረ መስሎት የእናትን ድካም ከደብተር ፍቆታል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ለሠሩበት ቀን ሌላ ሰው ቢቀጠር የሚከፈለውን አሰብን። እናት 6,000፣ ወንድም 7,000፣ ራሷ 12,000። ቀድሞ ከተጻፈው 6,000 ጋር ወጪው 39,250 ሆነ። ከ45,000 የተረፈው 5,750 ብር ነው። ንጹሕ ቡናው ይኸው። ግብር ገና አልተነሣም፤ ኅዳር ደግሞ ዝናቡ ያባራበት፣ ቡናው የሚለቀምበት ጥሩ ወር ነው። የሐምሌን ገጽ ስታስቡ ይህንን አስታውሱ።

እዚህ ላይ ከሙያዬ የምጨምረው አለ። ለውሳኔ የሚሰላ ትርፍና ለግብር የሚሰላ ትርፍ አንድ አይደሉም፤ በግለሰብ ነጋዴነት የተመዘገበ ሰው ለራሱ የሚወስደው ገንዘብ ለግብር ሲሰላ ተቀናሽ አይሆንም። ወንድሟን በደመወዝ ብትቀጥረው የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ይመጣል። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ደግሞ ከእንግዳው የሚሰበስበው 15 በመቶ ለአንድ ቀንም የእሱ አይደለም። በርጩማ ለቱሪስት ለሚሸጥ ሰው ደግሞ በመጋዘን ያለ ያልተሸጠ በርጩማ ትርፍ አይደለም፤ ወጪም ሊባል አይገባም፤ ዕቃ ነው።

የቱሪስት ንግድ ላይ ይህን አጥብቄ የምይዘው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ በሐሰተኛ ትርፍ ተማምኖ ዋጋውን ወደ 1,000 ሲያወርድ ጎረቤቱም ይከተለዋል፤ የመንደሩ እናቶች ሁሉ በነፃ እየቆሉ እንግዳው በርካሽ ይጠጣል። ከዚያ በአንድ ክረምት ሁሉም ይዘጋሉ፤ ሰውም «ጅማ ቱሪስት የለም» ይላል።

ልጅቷ ከጥር ጀምሮ በአስጎብኚ ድርጅት ለሚመጡት ዋጋውን 1,900 አደረገች። አንድ ቡድን ቀረ፤ ሌሎቹ መጡ። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ሳየው አዲስ ዓምድ ተሰምሮበታል፤ ከላዩ «የእናቴ» ይላል።